ኤሚል ቦዶ፦ የኮንሶል መስመር የጊዜ ስምምነት መነሻ

ከወልዲያ ተነሥቶ በደብረ ታቦር በኩል ወደ ወረታ የሚዘልቀው መንገድ ወደ ላሊበላ የሚገነጠለው ጋሸና ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት አካባቢው የጦርነት ዐውድማ በሆነ ጊዜ በሰሜን ወሎ የስልክና የመብራት አገልግሎት ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ባለ ስፍራ የአንድ ራውተር ወይም ስዊች ቅንብር ቢጠፋ ባለሙያው መሣሪያውን ከሩቅ ሊደርስበት አይችልም፤ የሚደርስበት ኔትወርክ ራሱ የለምና። የሚቀረው መንገድ ላፕቶፕን በኮንሶል ኬብል በቀጥታ ከመሣሪያው ጋር ማገናኘት ነው። በዚህ ጊዜ አስቀድሞ የሚሞላው ቁጥር፣ ለምሳሌ በብዙ የሲስኮ መሣሪያዎች 9600 የሆነው የመስመር ፍጥነት፣ ቦድ በተባለ መለኪያ ይገለጻል። መለኪያው የተሰየመው በፈረንሳዊው የቴሌግራፍ ባለሙያ በኤሚል ቦዶ ነው። የኮንሶል መስመር በሁለቱ ወገኖች መካከል ጥብቅ የጊዜ ስምምነት የሚሻበት ምክንያት ከዚህ ሰው የሥራ ሕይወት ጋር የተሳሰረ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቦዶ መስከረም 11 ቀን 1845 በፈረንሳይ ማኝዮ በተባለች መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በመንደሩ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ከተከታተለ በኋላ ከፍ ያለ ትምህርት ሳይቀጥል በእርሻ ሥራ ቆየ። በ1869 በቴሌግራፍ መሥሪያ ቤት በተለማማጅነት ተቀጠረ፤ በዚያም የሞርስን ቴሌግራፍ፣ ቀጥሎም ፊደል የሚያትመውን የሂዩዝ መሣሪያ ተማረ። በ1870 በተነሣው የፈረንሳይና የፕሩሲያ ጦርነት ለአጭር ጊዜ ካገለገለ በኋላ በ1872 በፓሪስ ወደ ሥራው ተመለሰ።

በዚያ ዘመን ዋናው ችግር የሽቦ ውድነት ነበር። በሁለት ከተሞች መካከል የተዘረጋ መስመር የአንድ ሠራተኛን እጅ ፍጥነት ብቻ ሲያስተናግድ አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈትቶ ይቆያል። የሞርስ ምልክቶች ርዝመት ከፊደል ፊደል መለያየቱም ጊዜውን በእኩል ለመከፋፈል እንቅፋት ሆኖ ነበር። ቦዶ በ1874 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበው ሥርዓት ከጊዜ በኋላ በያዘው መልኩ ለእያንዳንዱ ፊደል እኩል ርዝመት ያላቸውን 5 ምልክቶች መደበ። በመስመሩ ሁለት ጫፎች እኩል የሚሽከረከሩ ማከፋፈያዎችም ሽቦውን ለብዙ ሠራተኞች በተራ ያዳርሱ ነበር። ስለዚህ የአንድ ምልክት ትርጉም ከቅርጹ ይልቅ በደረሰበት ቅጽበት የሚወሰን ሆነ።

ሥርዓቱ ከሰውም ተመሳሳይ ሥነ ሥርዓት ጠየቀ። ሠራተኛው 5 ቁልፎችን፣ ሁለቱን በግራ፣ ሦስቱን በቀኝ እጁ እየተጫነ ከማከፋፈያው ምት ጋር መራመድ ነበረበት። የተለመደው ፍጥነት በደቂቃ 30 ቃላት፣ ማለትም በሰከንድ 3 ፊደላት ያህል ነበር። ምቱን የሳተ ሠራተኛ ፊደሉን ያበላሻል።

መሥሪያ ቤቱ ቦዶ ምርምሩን እንዲቀጥል ቢያበረታታውም ሥራው የሚከናወነው በራሱ ትርፍ ጊዜ ነበር፤ ወጪውንም በአብዛኛው የሚሸፍነው ራሱ ነበር። በ1877 መሣሪያው በፓሪስና በቦርዶ መካከል ሥራ ጀመረ፤ በ1878 የፓሪስ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽንም የወርቅ ሜዳልያ ተሸለመ። ይሁን እንጂ የምርምሩ ወጪ ስላስጨነቀው በ1880 ሜዳልያውን እስከ መሸጥ ደረሰ። ቪክቶር ሚሞ የተባለ ሌላ የቴሌግራፍ ባለሙያም የፈጠራው ቀዳሚነት ለእኔ ይገባኛል ብሎ በፍርድ ቤት ተሟገተው። ጥያቄው ቀላል አልነበረም። ባለ 5 ምልክት ኮድ ከጋውስና ከቬበር ዘመን ጀምሮ ይታወቃል፤ የማተሚያው ሐሳብ የሂዩዝ ነው፤ ሽቦን በጊዜ መከፋፈልንም በርንሃርት ማየር ቀደም ብሎ ሞክሮታል። የቦዶ ድርሻ እነዚህን አዋሕዶ በመደበኛ አገልግሎት ላይ የሚውል አንድ ሥርዓት ማድረጉ ነው። ሥርዓቱም ወደ ኢጣሊያ፣ ስዊዘርላንድና ብራዚል ተስፋፋ።

ቦዶ በሥራው መጀመሪያ ዓመታት የጀመረው ሕመም ዕድሜውን ሙሉ ሳይለቀው መጋቢት 28 ቀን 1903 በ57 ዓመቱ በሶ ከተማ ዐረፈ። ከእርሱ በኋላ የመጡት ቴሌፕሪንተሮች በእያንዳንዱ ፊደል መነሻና መድረሻ ላይ የመጀመሪያና የማቆሚያ ምልክት ስለጨመሩ ሠራተኛው ከማሽን ምት ጋር ከመራመድ ተገላገለ። የምልክቶቹን ርዝመት አስቀድሞ የመስማማቱ ግዴታ ግን ቀረ። በ1926 ዓለም አቀፉ የቴሌግራፍ ጉባኤ የፍጥነት መለኪያውን በስሙ ቦድ ብሎ ሰየመ፤ በ1960 የወጣው አርኤስ-232 የተባለው ደረጃም ይህንኑ የቴሌፕሪንተር ልማድ ወደ ኮምፒውተር ዓለም አሻገረው።

የቦዶ ኮድ ለኢትዮጵያ ጠባብ ነበር። 5 ምልክቶች የሚሰጡት 32 ጥምረቶችን ብቻ ነው፤ በመቀያየሪያ ቁልፍ ቢታጠፉ እንኳ 64 አይሞሉም። የአማርኛ ፊደል በአንጻሩ 33 መደቦች በ7 ድምፆች ተባዝተው 231 ይሆናሉ። ኋላ ኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ የአማርኛ ቴሌፕሪንተር ሲሠሩ የገጠማቸው ጥያቄ ይህ የመጠን ልዩነት ነበር። የአማርኛን ጽሑፍ በሽቦ ማስተላለፍ መሣሪያ ከማስመጣት በላይ የራስ ምርምር የሚሻ ሥራ እንደነበር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ዛሬ አብዛኞቹ ላፕቶፖች ሲሪያል ፖርት ስለሌላቸው ኬብሉ በዩኤስቢ መቀየሪያ በኩል ይገናኛል። ደንቡ ግን አልተለወጠም። በተለመደው ቅንብር አንድ ፊደል 1 የመጀመሪያ፣ 8 የመረጃና 1 የማቆሚያ፣ በድምሩ 10 ቢት ይይዛል፤ ስለዚህ 9600 ቦድ በሰከንድ 960 ፊደላት ያስተላልፋል። ይህም የቦዶ ዘመን 320 ሠራተኞች ሥራ ያህል ነው። የላፕቶፑና የመሣሪያው ፍጥነት ካልተጣጣመ አንዱ የላከውን ቢት ሌላው በተሳሳተ ቅጽበት ያነበዋል፤ በስክሪኑ ላይም ትርጉም የለሽ ምልክቶች ይደረደራሉ። የስሕተቱን ምክንያት የሚናገር መልእክት አይመጣም፤ ሁለቱ ወገኖች ስለ ፍጥነታቸው የሚነጋገሩበት ሌላ መስመር የለምና። ስለዚህ እንደ ጋሸና ባለ ከማዕከል በራቀ ስፍራ የሚሰማራ ባለሙያ ከኬብሉ ጋር የመሣሪያውን የፍጥነት ቁጥር በጽሑፍ ይዞ መሄድ ይኖርበታል።