ከፖስታ አብራሪነት እስከ ውትድርና፦ የአንትዋን ደ ሴንት ኤግዙፔሪ ሕይወት

ብዙዎቻችን «ትንሹ ልዑል» የተሰኘውን መጽሐፍ እንጂ የደራሲውን ሕይወት አናውቅም። ሰውየው ዕድሜውን የገፋው በሁለት ሥራዎች መካከል ነው፤ ፖስታ የሚያመላልስ አብራሪም፣ የጦር አብራሪም ነበር።

አንትዋን ደ ሴንት ኤግዙፔሪ እ.ኤ.አ. በ1900 በፈረንሳይ፣ ሊዮን ከተማ ተወለደ። በ1921 ለብሔራዊ ውትድርና ሲጠራ የምድር ሥራ ስለተሰጠው በራሱ ገንዘብ በረራ ተማረ፤ ከዚያም ወደ ካዛብላንካ ተዛውሮ ሥልጠናውን ቀጠለ። በ1923 ተከስክሶ ክፉኛ ተጎዳ። የእጮኛው ቤተሰቦች በረራን ስለተቃወሙ ሠራዊቱን ለቆ የጭነት መኪና ሻጭ ሆነ። ጋብቻው ግን አልሰመረም።

በ1926 የላቴኮኤር አየር መንገድ ቀጠረው። ከቱሉዝ በካዛብላንካ በኩል እስከ ዳካር ፖስታ ያመላልስ ጀመር። የዚያን ጊዜ ሞተር አይታመንም፤ ሰሃራ ላይ የወደቀ አብራሪም በጎሳዎች ተይዞ የማስለቀቂያ ገንዘብ ይጠየቅበት ነበር። በ1927 የኬፕ ጁቢ ጣቢያ ኃላፊ ሆኖ ሲሾም ከአካባቢው ሰዎች ጋር ሻይ እየጠጣ ተግባባ፤ አረብኛም መማር ጀመረ። የተያዙ አብራሪዎችን በድርድር አስለቀቀ። ከማራካሽ ተወስዶ በባርነት ይኖር የነበረን መሐመድ የተባለ ሰውም ከባልደረቦቹ ጋር ገንዘብ አዋጥቶ ነፃ አወጣው።

በ1935 መጨረሻ ከፓሪስ ወደ ሳይጎን ሲበር ከመካኒኩ ጋር በሊቢያ በረሃ ወደቀ። ውሃቸው አልቆ ለቀናት ተንከራተቱ። ሊሞቱ ሲቃረቡ አንድ በደዊ አግኝቷቸው አጠጣቸው።

በ1939 ጦርነቱ ሲነሳ የመጠባበቂያ መኮንን ስለነበር ተጠራ። ሐኪሞች ለጦር በረራ ብቁ አይደለህም ቢሉትም ተከራክሮ የቅኝት ቡድን ገባ። ፈረንሳይ ስትሸነፍ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ «ትንሹ ልዑል»ንም እዚያ ጻፈ። በ1943 ግን የዕድሜ ገደቡን አልፎ ሳለ ሰሜን አፍሪካ ወዳለው ቡድኑ ተመለሰ። ሐምሌ 31 ቀን 1944 ከኮርሲካ ለቅኝት ተነስቶ አልተመለሰም። የአውሮፕላኑ ስብርባሪ ከማርሴይ ባሕር ወጥቶ ማንነቱ የተረጋገጠው በ2004 ነው።

መምህራን ሳለን ለተጠማ ማጠጣት ሰደቃ መሆኑን እናስተምር ነበር። ያ ስሙ ያልተመዘገበ በደዊ ባይደርስ ኖሮ፣ ዛሬ ልጆቻችን የሚያነቡት መጽሐፍ ባልተጻፈ ነበር።