ከመርጡለ ማርያም አገር የተነሡት እውነት ፈላጊ
(የአባ ገብረ ሚካኤል አጭር የሕይወት ታሪክ)

በዚህ ጽሑፋችን የአንድ የጎጃም ተወላጅ አባት ታሪክ በአጭሩ እናቀርብላችኋለን። ስማቸውን ብዙዎቻችን ሰምተናል፤ ኑሯቸውን ግን ጠንቅቀን የምናውቅ ጥቂቶች ነን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባ ገብረ ሚካኤል በ1791 ገደማ በመርጡለ ማርያም አቅራቢያ ዲቦ በምትባል መንደር ተወለዱ። በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸው ቢጠፋም ይህ ጉድለት ከትምህርት አላገዳቸውም። በመርጡለ ማርያም ገዳም መነኰሱ። የምንኵስና ሥርዓት ስለ ምን እንደ ላላ ለመረዳትም የጥንት መጻሕፍት ፍለጋ ከገዳም ወደ ገዳም ዞሩ፤ በጎንደርም ሰነበቱ። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። መሳፍንቱ በጦር ሲዋጉ ሊቃውንቱ ደግሞ በቅብዓት፣ በጸጋና በተዋሕዶ ትምህርት ይከራከሩ ነበር። እኚህ መነኵሴም የክርክሩን መፍቻ አጥብቀው ከሚፈልጉት አንዱ ነበሩ።

በ1841 ደጃዝማች ውቤ አዲስ ጳጳስ የሚያስመጡ መልእክተኞች ወደ ካይሮ ሲልኩ አባ ገብረ ሚካኤልም አብረው ተጓዙ። በዚህ ጉዞ የአገራችን ሰው አቡነ ያዕቆብ ብሎ ከሚጠራቸው ከጣልያናዊው ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ጋር ተዋወቁ። ከካይሮ ወደ ሮም ተሻግረው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛን አዩ፤ ኢየሩሳሌምንም ተሳለሙ። ከተመለሱ በኋላ ብዙ መርምረው በ1844 የካቶሊክን እምነት ተቀበሉ። ዕድሜያቸው ያን ጊዜ ከ50 ዓመት አልፎ ነበር። ከዚያም በአዲግራት አጠገብ በጓላ ለክህነት የሚዘጋጁ ወጣቶችን አስተማሩ፤ በ1851 ቅስና ተቀበሉ።

በ1854 በጎንደር ተያዙ። አቡነ ያዕቆብ ከአገር ሲወጡ አባ ገብረ ሚካኤል ግን በእስር ቀሩ። በዚያው ዓመት በገና በዓል ከሲሌዥያ የተሰደዱ የፖላንድ ገበሬዎች፣ አባ ሌዎፖልድ ሞቺገምባ ከተባሉ ካህን ጋር፣ በአሜሪካ በቴክሳስ ምድር ከዛፍ ሥር ቀድሰው ፓና ማሪያ የተባለችውን ደብር መሠረቱ። እነዚያ ሃይማኖታቸውን ይዘው ባሕር ተሻገሩ፤ እኚህ አባት ግን በተወለዱበት አገር እንደ ባዕድ ተቈጠሩ።

በ1855 የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ እምነታቸውን እንዲተዉ ቢያስገድዷቸውም እምቢ አሉ። ተገረፉ፤ ሞትም ተፈረደባቸው። የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደን ስለ ለመነላቸው ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ከዚያ ወዲያ በሰንሰለት ታስረው የንጉሡን ሠራዊት ሲከተሉ፣ በስተርጅና የደከመው ሰውነታቸው አልቻለምና በዚያው ዓመት በመንገድ ላይ ዐረፉ። በ1926 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ብፁዕ ብለው ሰየሟቸው።

ወጣቶች ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? አሳሪውም ታሳሪውም በአንድ ክርስቶስ ስም የተጠመቁ ነበሩ። ስለዚህ ያለፈውን የምናነሣው ቂም ለመቀስቀስ መሆን የለበትም። እኛ ግን ዛሬ ባልንጀራችን በእምነት ከእኛ ስለ ተለየ ሰላምታ የምንነፍገው ስንት ጊዜ ነው? አባ ገብረ ሚካኤል እውነትን እስከ እርጅና ፈለጉ፤ ስላገኙትም ራሳቸው መከራ ተቀበሉ እንጂ በሌላው ላይ መከራ አላመጡም። እኛም መጻሕፍትን በመመርመር እንትጋ፤ ያመንነውን እንያዝ፤ ሌላውንም እናክብር።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።