የጫማ ሰፊው ልጅና ካርታው

ዘንድሮ ስለ ጌራርዱስ መርካቶር እናጫውታችኋለን። በ1512 እ.ኤ.አ. ዛሬ ቤልጂየም በምንላት አገር ከጫማ ሰፊ አባት ተወለደ። በ1530 ሉቫን ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ስሙ የተመዘገበው ከድሆቹ ተማሪዎች ጋር ነበር። የመጀመሪያውን ትምህርት ጨርሶም ጂኦሜትሪ ስለጎደለው፣ ተመልሶ ከሒሳብ ሊቁ ከጌማ ፍሪሲየስ ተማረ። በ1537 በስሙ ያወጣው የመጀመሪያ ካርታ የየት አገር ይመስላችኋል? የቅድስት አገር፣ ዛሬ እኛ የምንኖርባት!

በ1544 መናፍቅ ነህ ተብሎ ሰባት ወር ያህል ታሰረ። ኋላም ጀርመን፣ ዱይስቡርግ ገባ። ትልቁ ሥራው፣ የ1569ኙ የዓለም ካርታ፣ እዚያ ወጣ።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ ክቧን ምድር ወረቀት ላይ ስትዘረጋት የግድ አንድ ነገር ይዛባል። መርካቶር ያሰበው ለመርከበኛው ነው፤ ቀጥ ያለ መስመር አስምሮ፣ በኮምፓስ አንድ አቅጣጫ ይዞ እንዲሄድ። ስለዚህ አቅጣጫን ጠብቆ ስፋትን ተወ። ከምድር ወገብ በራቅን ቁጥር አገሩ ይለጠጣል። ግሪንላንድ አፍሪካን ታክላለች፤ በእውነቱ ግን አፍሪካ 14 ጊዜ ያህል ትበልጣታለች። ኢትዮጵያን እዚያ ላይ ፈልገን ለካ ትንሽ ናት ካልን፣ ጉዱ ከዚህ ነው።

ዛሬም ዩኒቨርሲቲ ካርታ ሥራ የሚያጠኑ ልጆች ጭንቀታቸው ያው ነው፦ ካርታው ሲያንስ የትኛው መንደር ይቅር፣ የትኛው የወንዝ ጥምዝ ይቃና? ወላጆቻችን የተወለዱባቸው የጎንደር መንደሮች ከስንቱ ካርታ የቀሩት እኮ በእንዲህ ዓይነት ውሳኔ ነው።

መርካቶር በ1594 አረፈ። አትላስ ብሎ የሰየመውን የካርታ መጽሐፍ በዓመቱ ያሳተመው ልጁ ሩሞልድ ነው።