የመርጡለ ማርያሙ መነኩሴ አባ ገብረ ሚካኤል



በዚህች ዓመታዊ መጽሔታችን በየዓመቱ ከአካባቢያችን ከወጡ ሰዎች የአንዱን ሕይወት እንዘክራለን። አርበኛም የቅኔ መምህርም ዘክረናል። አንድ ሰው ግን ስማቸው በተነሣ ቁጥር ለከርሞ ይቆዩን እየተባለ ሲታለፉ ኖረዋል። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ሰውየው የሞቱት ካቶሊክ ሆነው ነው። ባለፈው መስከረም ኢስት ኮልፋክስ ላይ፣ የዴንቨርና የአውሮራ ድንበር ከሆነው ከዮሰሚቲ መንገድ ብዙም ሳንርቅ፣ ቡና ይዘን ስለ ዘንድሮው እትም ስንመክር አንድ አባታችን ነገሩን እንደገና አነሡት። ከመርጡለ ማርያም ወጥተው ስማቸው ሮም የደረሰ ሰው በገዛ አገራቸው ልጆች መጽሔት ካልተጻፉ የት ሊጻፉ ነው አሉ። መልስ ጠፋ፤ ጽሑፉም እኔ ላይ ወደቀ። እኔ የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ። የሃይማኖት ክርክር ልከፍት አልተነሣሁም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ደህና ገዳም ሲፈልጉ ስለኖሩ አንድ የአገራችን ሰው ልጽፍ ነው።

አባ ገብረ ሚካኤል የተወለዱት በ1791 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከመርጡለ ማርያም በማትርቀው በዲቦ ነው። ልጅ ሳሉ አንድ ዓይናቸው ጠፋ። በዚያ ዘመን አንድ ዓይና ልጅ ለጦርም ለእርሻም ብዙ አይፈለግም፤ ወደ ትምህርት ቢያዘነብሉ አይገርምም። ትምህርቱ ግን ያዛቸው። ገና ወጣት ሳሉ መርጡለ ማርያም ገዳም ገቡ፤ በሃያዎቹ ዕድሜያቸውም መነኮሱ።

የመርጡለ ማርያምን ክብር ለእናንተ መንገር አይገባኝም። ትውፊቱ ምሥረታዋን ወደ አብርሃና አጽብሓ ይወስደዋል፤ በ1500 አካባቢ እቴጌ እሌኒ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ ዛሬም ይታያል። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢየሱሳውያን እዚያው ሕንፃ ያሠሩ እንደነበር የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። ንጉሡ የሮምን ሃይማኖት በአዋጅ አስገቡ፤ አገሩ እርስ በርሱ ተዋጋ፤ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፤ ኢየሱሳውያኑም ተባረሩ። አባ ገብረ ሚካኤል ሲወለዱ ይህ ሁሉ ካለፈ ከ150 ዓመት በላይ ሆኖታል። ቁስሉ ግን አልሻረም ነበር። በኋላ የደረሰባቸውን የሚያነብ ሰው ይህን ከልቡ ባያወጣው ጥሩ ነው።

የገዳም ኑሮ ምን እንደሚመስል አገር ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ሌሊት ተነሥቶ ሰዓታት መቆም፣ በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምሱ መዋል፣ ውኃ መቅዳት፣ እንጨት መልቀም፣ ብራና መፋቅ፣ የእንግዳ እግር ማጠብ። መጽሐፉም አለ፤ ማር ይስሐቅ፣ ፊልክስዩስና አረጋዊ መንፈሳዊ፣ በአንድነት መጻሕፍተ መነኮሳት የሚባሉት፣ መነኩሴ እንዴት ሊኖር እንደሚገባው አንድ በአንድ ይናገራሉ። ወጣቱ መነኩሴ መጻሕፍቱን ተማሩ። ከተማሩ በኋላ ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሣቸው፤ በመጽሐፉ የተጻፈውና በዓይናቸው የሚያዩት ኑሮ አልገጥም አላቸው። ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነው። ገዳም በጉልት ክርክር ተጠምዷል፣ መነኩሴም በየመኳንንቱ ደጅ ይጠናል። ሌላ ሰው ቢሆን ዘመኑ ነው ብሎ ይተወው ነበር። እሳቸው የምንኩስና ሕግ ከየት እንደመጣና እንዴት እንደላላ ለማጥናት ተነሡ። ከገዳም ገዳም እየዞሩ መጽሐፍ ሲመረምሩ ዓመታት አለፉ። ጎንደርንም ማረፊያቸው አደረጉ፤ እዚያ ተማሩ፣ አስተማሩም።

ጎንደር በዚያን ጊዜ በባሕርየ ክርስቶስ ክርክር ተከፋፍላ ነበር። ቅባት፣ ጸጋ፣ ካራ የሚባሉት ወገኖች የተፋጠጡበት፣ እስከ 1878ቱ የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ያልበረደ ክርክር ነው። አባ ገብረ ሚካኤል የመጡት ቅባት ከበረታበት ከጎጃም ነው፤ ግን የሌላውንም ወገን መጽሐፍ ከፍተው ከማንበብ አልተመለሱም። በዝርዝሩ አላደክማችሁም። ለእኛ ታሪክ የሚበቃው ሃምሳ ዓመት የሞላቸው የታወቁ ሊቅ ሆነው ጥያቄያቸው ግን እንዳልተመለሰ ማወቅ ነው።

በ1841 የትግራይና የሰሜን ገዥ ደጃዝማች ውቤ ግብፅ ካይሮ ጳጳስ የሚያመጡ መልክተኞች ላኩ። አገሩ ያለ ጳጳስ ከ10 ዓመት በላይ ቆይቷል። ከመልክተኞቹ አንዱ አባ ገብረ ሚካኤል ነበሩ። ደጃዝማቹ አብረዋቸው እንዲሄዱ ያደረጓቸው ደግሞ በ1839 ዐድዋ የገቡት ጣልያናዊ የላዛሪስት ቄስ ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስ ናቸው፤ የአገሩ ሰው በኋላ አቡነ ያዕቆብ ያላቸው። ሊቁ ይህን ፈረንጅ በጥርጣሬ ነበር የሚያዩት። ካይሮ ሲደርሱ ፓትርያርኩ አንድርያስ የሚባል የሃያ ዓመት ገደማ ወጣት ሾሙ፤ አቡነ ሰላማ ተባለ። ሹመቱ ከልጅነቱ የተነሣ በመልክተኞቹ ዘንድ ቅሬታ ፈጠረ። ከአባ ገብረ ሚካኤልና ከአቡነ ሰላማ በኋላ የመጣው ጠብ ሥሩ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ከካይሮ አቡነ ያዕቆብ ከመልክተኞቹ ከፊሎቹን ይዘው ሮም ሄዱ፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛም ተቀበሏቸው። ከዚያ ኢየሩሳሌምን ተሳልመው ተመለሱ። አንባቢ የሮም ሕንፃ ልባቸውን ማረከው ብሎ ይጠረጥር ይሆናል። እኔ ግን ሌላ ነገር ይመስለኛል። በመርከብም በግመልም ወራት የፈጀ መንገድ ላይ የሰው ጠባይ አይደበቅም። ሊቁ ያን ሁሉ ጊዜ ከአጠገባቸው ሆነው ያዩት አንድ ሰው ሲጾም፣ ሲጸልይና የታመመ ሲያስታምም ነው። እንዲያም ሆኖ ወዲያው አልተከተሏቸውም። ከሁለት ዓመት በላይ አሰቡበት፤ በ1844 መጀመሪያ ላይ ዐድዋ ውስጥ ካቶሊክ ሆኑ። ያን ጊዜ የ50ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ የሚደርሱ ሰው ነበሩ። በዚያ ዕድሜ ክብርን፣ ወዳጅንና ደቀ መዝሙርን ትቶ መውጣት ምን እንደሚመስል ከአገሩ የተሰደደ ሰው ያውቀዋል።

ከዚያ በኋላ የኖሩባት ጓላ የምትባለው ቦታ አዲግራት አጠገብ ናት። አቡነ ያዕቆብ እዚያ ቤት ሠርተው የአገር ልጆችን ለክህነት ማስተማር ጀመሩ። በወረቀት ላይ ትምህርት ቤት ነው። ኑሮው ግን የትንሽ ገጠር ገዳም ኑሮ ነበር። አለቃው ጣልያናዊ ቢሆኑም ኑሯቸው የአገር መነኩሴ ኑሮ ነው፤ ልብሳቸው የመነኩሴ ልብስ፣ ምግባቸው የድኻ ምግብ፣ ጾማቸው የአገሩ ጾም። ግዕዝ፣ አማርኛና ትግርኛ ተምረዋል። የአገሩ ሥርዓተ ቅዳሴ እንዲጠበቅ የቆሙም እሳቸው ናቸው። እዚህ ላይ ከኢየሱሳውያኑ ተለዩ፤ እነዚያ የመጡት ሊለውጡ ነበር።

ጓላ ውስጥ አንድ ቀን እንዴት እንደሚያልፍ ማሰብ ለእኛ ቀላል ነው። ዶሮ ሳይጮኽ መነሣት አለ፤ ለዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ከሌሊቱ 9 ሰዓት የሚነሡ አባሎቻችን የዚያን ሰዓት ብርድ ያውቁታል፣ ልዩነቱ እነዚያ የሚነሡት ለጸሎት መሆኑ ነው። ከጸሎት በኋላ ትምህርት። ግዕዙን የሚያስተምሩት አባ ገብረ ሚካኤል ናቸው። በዙሪያቸው የተቀመጡት ልጆች አንዳንዶቹ ዳዊት ያልደገሙ፣ ሌሎቹ ገዳም ለቀው የመጡ ጎልማሶች። አገር ያወቃቸው ሊቅ ፊደል ከመቁጠር ጀምረው ያስተምራሉ። ከትምህርት በተረፈ ሰዓት ብርዕና ቀለም ይዘው ይቀመጣሉ፤ ትምህርተ ክርስቶስ ያዘጋጃሉ፣ የሥነ ምግባር መጽሐፍ ይተረጉማሉ፣ የግዕዝ መዝገበ ቃላት ይሰበስባሉ። በአንድ ዓይን፣ በክራርና በማሲንቆ ሳይሆን በብርዕ ጫጫታ ብቻ፣ በኩራዝ ብርሃን። ማታ ጸሎት፣ ጥቂት እህል፣ በቁርበት ላይ እንቅልፍ። በማግስቱም ያው ነው።

ይህ ያው ነው የሚባለው ነገር ነው እሳቸው 30 ዓመት የፈለጉት። የገዳም ቁም ነገር ተአምር አይደለም፤ ቀኑ በሕጉ መዋሉ ነው። በማንኛውም አገር ያለ መነኩሴ ይህን ያውቃል። እዚሁ እኛ ባለንበት በኮሎራዶ፣ ከዴንቨር ወደ ምዕራብ ተራሮቹን ተሻግሮ ስኖውማስ በሚባል ሸለቆ፣ ትራፒስት የሚባሉ የካቶሊክ መነኮሳት በ1956 ገዳም መሥርተው ለብዙ ዓመታት በጸሎት፣ በዝምታና በእጅ ሥራ ኖረዋል። የቅዱስ በነዲክቶስ ሥርዓት ነው የሚከተሉት፤ ቀኑን በጸሎት ሰዓታት ይከፍለዋል። ሰዓታት የቆመ የአገራችን መነኩሴ እዚያ ቢገባ ቋንቋው እንጂ ነገሩ አይጠፋበትም ነበር።

ጓላ አልቆየችም። አቡነ ሰላማ ካቶሊኮቹን አወገዙ፤ በ1840ዎቹ ማብቂያ ላይ ማኅበሩ ተበተነ። የተረፉት ወደ ኢሮብ ተራሮች፣ ወደ ዓሊቴና ወጡ። ዓሊቴና ገደል ነው፤ አገሩ ፍየልና ማር እንጂ ብዙ እህል የለውም። (የትግራዩ በለስ መጀመሪያ የመጣው በእነዚሁ የካቶሊክ መነኮሳት እጅ ነው ይባላል፤ ዛሬ ክረምት በመጣ ቁጥር ስንት ቤተ ሰብ የሚበላው እሱን ነው።) እዚያም ያው ጸሎት፣ ያው ትምህርት ቀጠለ። በ1849 ጵጵስና የተሾሙት አቡነ ያዕቆብ ጥር 1 ቀን 1851 አባ ገብረ ሚካኤልን ቅስና ሾሟቸው። ዕድሜያቸው 60 ነበር። ተማሪዎቻቸው ከነበሩት ልጆች ጋር አንድ መቅደስ ውስጥ ለመቀደስ አዲስ ቄስ ሆኑ።

በ1854 ጎንደር ውስጥ ሳሉ ተያዙ። የኋላው አፄ ቴዎድሮስ፣ ያኔ ደጃዝማች ካሣ፣ የተበታተነውን አገር አንድ ለማድረግ እየተዋጉ ነበር፤ ዙፋን ለመውጣት ደግሞ ጳጳስ ያስፈልጋቸዋል። የአቡነ ሰላማ ፍላጎት ካቶሊኮቹ እንዲጠፉ ነው። ሁለቱ ተስማሙ። አቡነ ያዕቆብ ታስረው ከአገር ተባረሩ። አባ ገብረ ሚካኤል እግራቸው በግንድ ገብቶ ወራት ከረሙ። ሃይማኖትህን ተው ሲባሉ አልተዉም። የካቲት 1855 ካሣ ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርገው ነገሡ። ከዚያ በኋላ ሽማግሌው እስረኛ በንጉሡ ፊት ቀርበው ክፉኛ ተገረፉ። ይሞታሉ ሲባል አልሞቱም፤ ወታደሮቹም ቅዱስ ጊዮርጊስ እያሉ ይጠሯቸው እንደነበር ይተረካል። በግንቦት መጨረሻ ሞት ተፈረደባቸው። እንግሊዛዊው ቆንስል ዋልተር ፕላውደን ሰፈሩ ውስጥ ነበሩና ከሌሎች ጋር ሆነው ለመኗቸው፤ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ።

አፄ ቴዎድሮስን ሁላችንም እንወዳቸዋለን፤ እኔም እወዳቸዋለሁ። ይህ ግን ከሥራቸው መዝገብ ሊወጣ የማይችል ገጽ ነው። የኖሩበትን ቅዳሴ በራሳቸው ቋንቋ የሚቀድሱ የ64 ዓመት መነኩሴ ለአገር አንድነት ምን ያህል ያሰጉ ነበር?

ክረምት ሲገባ ከሠራዊቱ ጋር በሰንሰለት ታስረው ተነዱ። በሠራዊቱ ውስጥ ኮሌራ ገብቶ ነበር። ከገዛ ምግባቸው ለታመሙት ያካፍሉ ነበር ይባላል። በዚያው ክረምት፣ በ1855፣ በመንገድ ላይ ሞቱ። መቃብራቸው የት እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

የጓላንና የዓሊቴናን ኑሮ ደቀ መዝሙር የነበሩት የዐድዋው አባ ተክለ ሃይማኖት ጻፉት፤ ያ ባይሆን ኖሮ ብዙው ነገር ይጠፋ ነበር። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አባ ገብረ ሚካኤልን ጥቅምት 3 ቀን 1926 በርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ ጊዜ ብፁዕ ብላ ሰየመቻቸው። አቡነ ያዕቆብ ደግሞ በ1975 ቅዱስ ተባሉ።

ዲቦ አካባቢ ዘመድ ያላችሁ አባሎቻችን አንድ ነገር እንለምናችኋለን። ሽማግሌዎቹ ስለ አባ ገብረ ሚካኤል የሚሉት ካለ፣ የተወለዱበት ቦታም የሚታወቅ ከሆነ፣ በስልካችሁ ቅዱልንና ፎቶም አንሡልን። ለከርሞው እትም እንዲደርስ እስከ ጥር ብትልኩልን እናመሰግናለን።