በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያትና የሕዝብ እንደራሴ ነገር

ለዚህ የበዓል መጽሔት የአንድ ታላቅ ሰው የሕይወት ታሪክ እንድንጽፍ በታዘዝን ጊዜ፥ ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ከጌዴኦ ምድር የበቀለ ሰው እንደምንመርጥ ሳይጠብቁ አልቀሩም። እኛ ግን የመረጥነው በሸዋ የተወለዱትን፥ ስማቸው ከዲላ ጋር ሲነሣ የማይሰማውን በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን ነው። ምክንያታችንም ይህ ነው፤ ዲላና በዙሪያዋ ያለው አገር በምክር ቤት የሚቀመጥ እንደራሴ ያገኘው በምን ሕግ እንደሆነ ወደ ኋላ እየተከተለ የሚመረምር ሰው፥ በመጨረሻ የሚደርሰው እኚህ ሰው ካረቀቁት ጽሑፍ ላይ ነው። በዚያም ጽሑፍ ውስጥ ሕዝቡ ራሱ የሚመርጥበትን ቀን ወደ ፊት የምታሳድር አንዲት አንቀጽ አለች። የአባቶቻችን ብዙ ነገር የተያያዘው ከዚያች አንቀጽ ጋር ነው።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ ሐረር ሄደው ከራስ መኰንን ቤት ተጠጉ፤ በ1888 ዓ.ም. የዐድዋ ጦርነት በሆነ ጊዜም ከራስ መኰንን ሠራዊት ጋር ዘመቱ። ዕድሜያቸው ያን ጊዜ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ነበር። ከድሉ በኋላ ወደ ሩሲያ ተሻግረው፥ አንድ የሩሲያ መኰንን እንደ ልጁ አድርጎ አሳደጋቸው፤ በፔተርስቡርግ ከተማ በሚካኤሎቭስኪ የመድፈኞች ትምህርት ቤትም ተምረው መኰንን ሆኑ። በባዕድ አገር ከዐሥር ዓመት በላይ ኖረው ሲመለሱ፥ ያዩት ነገር ሁሉ ዕረፍት የነሣቸው ሰው ሆነዋል። የሌላው ሕዝብ ሥራ በሕግ ሲመራ የእኛ በሹም ፈቃድ ብቻ መመራቱ ያሳዝናቸው ነበር።

ይህን ሐዘናቸውን መጀመሪያ የገለጡት በጨዋታ መልክ ነው። ከፈረንሳዊው ባለ ተረት ከላ ፎንቴን የእንስሳት ተረቶችን ወስደው የአውሬዎች ኮሜዲያ የተባለውን ተውኔት ደረሱ። ይህም በአገራችን የመጀመሪያው ዘመናዊ ተውኔት ነው ይባላል። አውሬዎቹ የሚናገሩት ግን ስለ ጫካ አልነበረም፤ ስለ ግቢ ነበር። መኳንንቱ ነገሩን ስለ ተረዱት፥ ተውኔቱ በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ።

ቀጥሎ በሐረርጌ በኩል በአገር ገዥነት ሠሩ። ከሁሉም የሚታወቁት በጨርጨር አስተዳደራቸው ነው። የአውራጃውን ከተማ ከኩኒ አንሥተው ዛሬ ጭሮ ወደምትባለው ወደ አሰበ ተፈሪ አዛወሩ፤ ጨርጨርም ለሌላው አገር የአስተዳደር ምሳሌ እንዲሆን ታስቦ ነበር። እንግዲህ ኋላ ሕግ ያረቀቁት እኚህ ሰው ከመጽሐፍ ብቻ የተማሩ አልነበሩም ማለት ነው፤ ገበሬና ሹም ሲካሰሱ ዐይተዋል።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የኢትዮጵያን የመጀመሪያ የተጻፈ ሕገ መንግሥት ፈረሙ። ረቂቁን ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ነበሩ፤ ለተሰበሰበውም መኳንንት ትርጉሙን ያብራሩት እሳቸው ናቸው። 55 አንቀጾች ያሉት ይህ ሕግ የተቀዳው በብዙው በ1889 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከወጣው ከጃፓን ሕገ መንግሥት ነው። ሁለት ምክር ቤቶችም ተቋቋሙ። የሕግ መወሰኛው አባሎች በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ናቸው። የሕግ መምሪያው አባሎች ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ለጊዜው በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት እንዲመረጡ ተወሰነ። ቀደም ብለን ያነሣናት አንቀጽ ይህች ናት።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ብንፈርድ አይከፋም። ጃፓን እንኳ የታችኛውን ምክር ቤት አባሎች ግብር የሚከፍሉ ወንዶች እንዲመርጡ ፈቅዳ ነበር፤ የእኛ ሕግ ግን ይህንንም አልደፈረም። የምናደንቃቸው ሰው የሹማምንትን ሥልጣን በሕግ ሊያጥሩ ተነሥተው፥ እንደራሴ የመምረጡን ነገር መልሰው ለሹማምንት ሰጡት። የዘመኑ መኳንንት ከዚያ የበለጠ ነገር ይቀበሉ ነበር ብለን አናምንም፤ እንዲያውም ንጉሠ ነገሥቱን በሕግ ማሰር ይቅርና ስለ ሕግ መነጋገር ራሱ አዲስ ነገር ነበር። ሆኖም ሕዝቡ ለመምረጥ አልበቃም የሚለውን ሐሳብ እኛ የጌዴኦ ልጆች ሳንከራከር አናልፈውም።

ጌዴኦ በዘመነ ምኒልክ ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር ከመያያዙ በፊት ባሌ በሚባለው ሥርዓት ይተዳደር ነበር። በዚህ ሥርዓት አባ ገዳው ሥልጣኑን የሚይዘው ለስምንት ዓመት ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ለተተኪው ያስረክባል። የመንደሩ ጉዳይ የሚታየው በሶንጎ፥ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ግራና ቀኙን እየሰሙ ነው። ሥልጣን በቁጥር ዓመት ተወስኖ ከእጅ ወደ እጅ እንደሚያልፍ ያወቀ ሕዝብ፥ መምረጥ ገና ይማራል መባሉ እንግዳ ነገር ነው። በ1924 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ሲከፈት ግን አገራችን በመዝገብ ደራሳ እየተባለ በሲዳሞ ግዛት ሥር ነበረ፤ ሕጉም የመምረጡን ሥልጣን የሰጠው ለመኳንንቱና ለሹማምንቱ ነው። መሬቱ ለነፍጠኛና ለባላባት የተከፋፈለበት ገባር፥ በስሙ ማን እንደሚናገርለት የሚጠይቀው አልነበረም።

በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት የገንዘብ ሚኒስትር ሆነው ከሠሩ በኋላ የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ወደ አውሮፓ ሄዱ። በ1927 ዓ.ም. የወልወል ጠብ ሲነሣ በዤኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ አገራቸው ተሟገቱ። ጠላት በ1928 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲቃረብ ንጉሠ ነገሥቱ ከአገር እንዳይወጡ የመከሩ እሳቸው ነበሩ፤ ምክራቸው ግን አልተሰማም። ከዚያ በኋላ በጅቡቲ በኩል ወጥተው ብዙ ዓመት በስደት ኖሩ፤ ከስደቱም ረጅሙ በማዳጋስካር ደሴት ያሳለፉት ነው።

እሳቸው ያረቀቁት ሕግ የተለወጠው ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. በታወጀው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ነው። ሃያ አራት ዓመት የቆየችው አንቀጽ በዚህ ቀረች። አገሩ በሙሉ እያንዳንዱ 200,000 ያህል ሰው በሚይዝ የምርጫ ክልል እንዲከፈል፥ ከእያንዳንዱም ክልል ሁለት እንደራሴዎች እንዲመረጡ ተደነገገ፤ ከ30,000 በላይ ሕዝብ ያለው ከተማ ደግሞ የራሱን እንደራሴ ይጨምራል። 21 ዓመት የሞላው ወንድም ሴትም ድምፅ ሊሰጥ ቻለ። የመጀመሪያው ምርጫ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1957 ተደረገ፤ በዚያው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ ሴት እንደራሴ ሆኑ። የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም፤ እያንዳንዱ የሚወዳደረው በግሉ ነበር።

ነገር ግን አንዱ በር ሲከፈት ሌላው ተዘጋ። ለእንደራሴነት የሚቀርበው ሰው 25 ዓመት የሞላውና በክልሉ ውስጥ ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። ይህ ነገር በወናጎና በይርጋ ጨፌ፥ በኮቸሬና በቡሌ ለሚኖረው ጭሰኛ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ቡናውን ተክሎ፥ ለቅሞ፥ ከምርቱ ለባለ መሬቱ የሚያካፍል ሰው ድምፁን ይሰጣል እንጂ ለመመረጥ ሕጉ አያቀርበውም። በሕጉ መሠረት እንደራሴ ሊሆን የሚቀርበው ባለ ንብረቱ ነው። ከመጀመሪያው ምርጫ ሦስት ዓመት ሳይሞላ፥ በ1952 ዓ.ም. የጌዴኦ ገበሬዎች የመሬት በደል አንገፍግፏቸው ተነሡ፤ በሚችሌም ደም ፈሰሰ። አቤቱታቸውን ሰምቶ በምክር ቤት የሚያነሣ የራሳቸው ሰው ቢኖራቸው ኖሮ ነገሩ ወደ ጦር ባልደረሰ ነበር የሚል ግምት አለን፤ ሌላም የሚገምት ቢኖር አንቃወምም።

ተክለ ሐዋርያት ከስደት ተመልሰው በሐረርጌ በሂርና በእርሻ ሥራ ተቀመጡ። ከፖለቲካው ርቀው የሕይወታቸውን ታሪክ ጻፉ። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም አርአያ የተባለውን ልብ ወለድ ደርሰዋል። ሽማግሌው ዕድሜ ሰጥቷቸው፥ ያቋቋሙት ምክር ቤት መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በደርግ ሲዘጋ በሕይወት ነበሩ። በዚያው ዓመት በየካቲት የወጣው የመሬት ዐዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ፤ እንደራሴ ለመሆን መሬት ያስፈልግ የነበረበት ዘመንም አብሮት አለፈ። በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት በ1969 ዓ.ም. ዐረፉ። የሞቱት ኢትዮጵያ ምንም ምክር ቤት ባልነበራት ጊዜ ነው። 835 አባሎች የነበሩት ብሔራዊ ሸንጎ የተቋቋመው ከዐሥር ዓመት በኋላ፥ በ1979 ዓ.ም. በወጣው ሕገ መንግሥት ነው።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት የተወካዮች ምክር ቤት ከ550 የማይበልጡ አባሎች እንዲኖሩት፥ በፌዴሬሽን ምክር ቤት ደግሞ እያንዳንዱ ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ ወኪል እንዲኖረው ወሰነ። በዚህም ጌዴኦ በራሱ ስም ተጠራ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ምርጫ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት ገዥውን ፓርቲ ተወዳድሮ ሁለት የተወካዮች ምክር ቤት ወንበሮችን አሸነፈ። በዚያ ምርጫ በመላው አገር ወንበር ያገኙት ተቃዋሚ ድርጅቶች ሦስት ብቻ ነበሩ፤ ከሦስቱም አንዱ የእኛው ነበር። በጅሮንዱ የጻፉት የሕይወት ታሪክም በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ታትሞ ወጥቷል።