ኢማም፣ ራስ፣ ንጉሥ

የህንዶቹ ራጃ እስከ ማላይ ቋንቋ ድረስ ተጉዟል፤ ከላቲኑ ሬክስ ጋርም ሥሩ አንድ ነው። የኛው ንጉሥም ቁጭ አላለም፣ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በዓረብኛ ነጃሺ ሆኗል። እኔ ግን የመካነ ሰላም ልጅ ነኝና ማዕረግ ሲባል ቀድመው ትዝ የሚሉኝ ንጉሥ ሚካኤል ናቸው።

ሲወለዱ መሐመድ አሊ ነበሩ። ጎረቤታችን ወረሂመኖ ውስጥ ኢማም ማለት የመስጊድ መሪ ብቻ አልነበረም፤ አገር ገዢም ነው። እሳቸውም ኢማም ሆነው ገዙ። በ1870 ዓ.ም. ግን አፄ ዮሐንስ ቦሩ ሜዳ ላይ የወሎ ሙስሊም ክርስትና ይነሳ ብለው አዘዙ። ኢማሙ ተጠመቁ፤ ሚካኤል ተባሉ፣ ራስም ሆኑ። እምነቴን አልለውጥም ብሎ የተሰደደው፣ የሸፈተው ወሎዬ ብዙ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ በሳቸው ቦታ ብሆን ምን አደርግ እንደነበር እንጃ።

ከዚያ በኋላማ ነገሩ ሮጠ። ደሴን ቆረቆሩ፣ የምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን አገቡ፣ ዓድዋ ላይ የወሎን ፈረሰኛ መሩ። ልጃቸው ኢያሱ ሥልጣን ሲይዝ በ1906 የወሎና የትግሬ ንጉሥ አደረጋቸው።

ንግሥናው ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላም። ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ተሻረ፤ አባት ጦር አስከትተው ወደ ሸዋ ወረዱ። ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። እንደ እስረኛ ሞቱ።