ትምህርቱን ያቋረጠው የመዝገበ ቃላት ሰው
የሳሙኤል ጆንሰን አጭር የሕይወት ታሪክ

እንደሚታወቀው በሪያድ የምንገኝ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎች የምንኖረው በሦስት ቋንቋዎች መካከል ነው። እርስ በርሳችን በአማርኛ ወይም በሌላው የአገራችን ቋንቋ እንነጋገራለን፤ በገበያና በመንገድ ዐረብኛ ያስፈልገናል፤ የሕክምናውና የምሕንድስናው መጽሐፍ ደግሞ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። ከሦስቱ በፈተና ወቅት እንቅልፍ የሚነሣን እንግሊዝኛው ነው፤ ሲነገር የምንሰማው ሌላ፣ ሲጻፍ የምናየው ሌላ ነውና። ባለፈው ወሰነ ትምህርት አንድ ወንድማችን ደረሰኝ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል «ፒ» የተባለችውን ሆሄ ሳያስገባ፣ ሌሎችንም ቃላት እንደዚሁ እንደሰማቸው ጽፎ፣ ወረቀቱ በቀይ ቀለም ተዥጎርጉሮ ተመለሰለት። በዚያው ሳምንት ትምህርቱን ትቶ ወደ አገሩ ለመመለስ ማሰቡን አጫወተን። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለእርሱና እርሱን ለመሰሉ እኅቶችና ወንድሞች ነው።

በእርግጥ የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ሰውን ግራ ቢያጋባ አያስደንቅም። «ኦ»፣ «ዩ»፣ «ጂ» እና «ኤች» የተባሉት አራት ሆሄያት ተከታትለው ሲጻፉ፣ ሳል በሚለው ቃል ውስጥ «ኦፍ»፣ ሻካራ በሚለው ውስጥ «አፍ»፣ የዛፍ ቅርንጫፍ በሚለው ውስጥ ደግሞ «አው» ተብለው ይነበባሉ። ቢላዋ የሚለው ቃል በ«ኬ» ይጀምራል፤ ነገር ግን «ኬ» አትሰማም። ይህ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በጥንቱ አነጋገር «ኬ» ትሰማ ነበር። ዊልያም ካክስተን በ1476 ዌስትሚንስተር ላይ የእንግሊዝን የመጀመሪያ ማተሚያ ቤት ባቋቋመበት ዘመን የሕዝቡ አነጋገር በመለወጥ ላይ ነበር። አነጋገሩ ወደፊት ሲሄድ የታተመው ጽሑፍ ግን ባለበት ቀረ። ከዚህም በላይ ሊቃውንቱ የቃላቱን የላቲን ምንጭ ለማሳየት ሲሉ የማይሰሙ ሆሄያት ጨመሩ፤ ዕዳ በሚለው ቃል ውስጥ ያለችው «ቢ» የገባችው በዚህ መንገድ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ይህን ዝብርቅርቅ ተረክቦ መልክ ለማስያዝ ብዙ የደከመው ሰው ሳሙኤል ጆንሰን ነው። ጆንሰን በ1709 በእንግሊዝ አገር በሊችፊልድ ከተማ ተወለደ። አባቱ መጽሐፍ ሻጭ ነበር፤ ሱቁ በመጻሕፍት የተሞላ ቢሆንም ቤቱ ከችግር አልራቀም። ልጁ በሕፃንነቱ አንገት በሚያሳብጥ በሽታ ተይዞ ፊቱ ላይ ጠባሳ ቀረ፤ አንደኛው ዓይኑም ለማየት እስኪሳነው ድረስ ደከመ። ይሁን እንጂ በአባቱ ሱቅ ያገኘውን ሁሉ ያነብ ነበር።

በ1728 ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገባ። በዚያም የቆየው ዐሥራ ሦስት ወር ያህል ብቻ ነው። ጫማው ተቀዳዶ ጣቶቹ እስከ መታየት ደረሱ። አንድ ሰው አዝኖለት አዲስ ጫማ ከበሩ ቢያኖርለት፣ ጆንሰን በቁጣ አንሥቶ እንደ ወረወረው ይነገራል። በመጨረሻም የሚከፍለው ገንዘብ አጥቶ ያለ ዲግሪ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በሰው አገር የሚማር ሁሉ ይህን ክፍል ሲያነብ ልቡ መነካቱ አይቀርም።

የሚገርመው ነገር የዚህ ሰው የመጀመሪያ መጽሐፍ ስለ አገራችን መሆኑ ነው። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ኢትዮጵያ ገብቶ የነበረው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጄሮኒሞ ሎቦ የጻፈውን የጉዞ ታሪክ፣ ጆንሰን ከፈረንሳይኛው ትርጉም ወደ እንግሊዝኛ መለሰው። መጽሐፉ በ1735 ሲወጣ የተከፈለው ዋጋ አምስት ጊኒ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት ኤልሳቤጥ ፖርተር የተባለች፣ በዕድሜ ከሃያ ዓመት በላይ የምትበልጠውን ባሏ የሞተባት ሴት አገባ። በእርስዋም ገንዘብ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ ብዙ ተማሪ ግን አልመጣለትም። በ1737 ከጥቂቶቹ ተማሪዎቹ አንዱ ከነበረው፣ በኋላ ታላቅ ተዋናይ ከሆነው ከዴቪድ ጋሪክ ጋር ዕድሉን ለመሞከር ወደ ሎንዶን ሄደ። በዚያም ለመጽሔት እየጻፈ የዕለት ጉርሱን ያገኝ ጀመር።

በ1746 የሎንዶን መጽሐፍ ነጋዴዎች የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት እንዲያዘጋጅ በ1,500 ጊኒ ተዋዋሉት። በፈረንሳይ በ1635 የተቋቋመው አካዳሚ በአርባ አባላቱ ደክሞ የመጀመሪያ መዝገበ ቃላቱን ያወጣው በ1694 ነበር። ጆንሰን ግን በሦስት ዓመት እንደሚጨርሰው ገመተ። በጎፍ አደባባይ በተከራየው ቤት ሰገነት ላይ ስድስት ጸሐፊዎች ይዞ ሥራውን ጀመረ፤ ከስድስቱ አምስቱ ስኮትላንዳውያን ነበሩ። ጆንሰን መጻሕፍት እያነበበ ቃላቱን ያሰምርባቸዋል፤ ጸሐፊዎቹ ይገለብጣሉ። ሦስቱ ዓመት አለፈ፤ ሥራው ግን አላለቀም። በ1752 ሚስቱ ሞተችበት። መዝገበ ቃላቱ ታትሞ የወጣው በሚያዝያ ወር 1755 ሲሆን፣ በሁለት ትላልቅ ቅጾች 42,773 ቃላትን ይዟል።

ሥራው ሲጀመር እንዲረዳው የጠየቀው ቼስተርፊልድ የተባለ ባለ ማዕረግ ዓመታት ሙሉ ዞር ብሎ አላየውም ነበር። መጽሐፉ ሊወጣ ሲል ግን በጋዜጣ ያወድሰው ጀመር። ጆንሰንም ችግሩ ካለፈ በኋላ የሚመጣ ደጋፊ እንደማያስፈልገው የሚገልጽ፣ ትሕትና የተሞላ ግን የሚያቃጥል ደብዳቤ ጻፈለት። ኦክስፎርድም በድህነቱ ምክንያት ላቋረጠው ተማሪ መጽሐፉ ከመታተሙ በፊት ዲግሪ ሰጠው።

ወደ ፊደሉ ጉዳይ ስንመለስ፣ ጆንሰን በመጀመሪያ ቋንቋውን ባለበት አጽንቶ ለማቆም ተስፋ አድርጎ ነበር። ሥራውን ሲጨርስ ግን ሕያው ቋንቋን በሕግ አስሮ ማቆም እንደማይቻል በመቅድሙ በግልጽ አመነ። ስለሆነም ሕዝቡ የለመደውን አጻጻፍ በብዛት ተቀበለ፤ በተጠራጠረ ጊዜ ወደ ቃሉ ምንጭ ተመለከተ። ሆኖም ሁልጊዜ አልተሳካለትም። ደረሰኝ በሚለው ቃል ውስጥ የማትሰማዋን «ፒ» ሲያስቀር፣ ከዚያው ከላቲን ሥር የመጣውን ማታለል የሚለውን ቃል ግን ያለ «ፒ» ጻፈው። ይህን አለመጣጣም ራሱ ያውቅ ነበር፤ በመቅድሙም ጠቅሶታል። እንግዲህ ወንድማችንን ያስቀጣችው «ፒ» የላቀ የሎጂክ ውጤት ሳትሆን፣ ልማድ ያቆያትና አንድ የደከመው ሰው ያጸናት ሆሄ ናት።

መዝገበ ቃላቱ ዝና ቢያስገኝለትም ከድህነት አላወጣውም። ዕዳ የሚለውን ቃል ከነ«ቢ»ው በመዝገቡ ያሰፈረው ሰው በ1756 በ5 ፓውንድ ከ18 ሽልንግ ዕዳ ተያዘ፤ ያስፈታውም ደራሲው ሳሙኤል ሪቻርድሰን በላከለት ገንዘብ ነው። በ1759 እናቱ ስትሞት ለቀብሯና ለዕዳዋ የሚሆን ገንዘብ ስላልነበረው፣ በአንድ ሳምንት ምሽቶች ራሴላስ የተባለውን ልብ ወለድ ጻፈ። ታሪኩም በአማራ ምድር በተራራ በተከበበ ሸለቆ ውስጥ ተዘግቶ ስለሚኖር፣ ምቾቱን ትቶ የእውነተኛ ደስታን መንገድ ለመፈለግ ወደ ካይሮ ስለሚሄድ የሐበሻ መስፍን ነው። ሎቦ ስለ ዐፄ ሱስንዮስ ወንድም ስለ ራስ ሥዕለ ክርስቶስ የጻፈው ለመስፍኑ ስም መነሻ እንደሆነ ይታመናል። ይህንንም መጽሐፍ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ ተርጉሞታል።

በ1762 ከንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ በዓመት 300 ፓውንድ ጡረታ ስለ ተወሰነለት የዕለት ጉርስ ጭንቀት ቀረለት። በመዝገቡ ውስጥ ጡረታ የሚለውን ቃል በፌዝ ተርጉሞት ስለ ነበር ብዙዎች ሣቁበት። በጃማይካ በባርነት የተወለደውን ፍራንሲስ ባርበርን ከ1752 ጀምሮ በቤቱ አኑሮ አስተማረው፤ ሲሞትም አብዛኛውን ንብረቱን አወረሰው። ጆንሰን በታኅሣሥ ወር 1784 አርፎ በዌስትሚንስተር አቢ ተቀበረ። ከእርሱ በኋላ በ1828 አሜሪካዊው ኖኅ ዌብስተር በመዝገበ ቃላቱ ከአንዳንድ ቃላት ትርፍ ያላቸውን ሆሄያት ቀነሰ። ዛሬ በሁለቱ አገሮች አጻጻፍ መካከል የምናየው ልዩነት በከፊል የዚህ ውጤት ነው።

ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? በመጀመሪያ በእንግሊዞች አጻጻፍ ከመሣቃችን በፊት የራሳችንን ፊደል መመልከት ይገባናል። በአማርኛ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» በድምፅ አይለያዩም፤ «ጸ» እና «ፀ»ም እንደዚሁ። ሆኖም እዚህ ሪያድ ከሱቅ ወተት ስንገዛ ባለ ሱቁ ሐሊብ ሲል በግዕዙ ሐሊብ ውስጥ ያለችውን «ሐ» ከጉሮሮው እያወጣ ያሰማናል። አምስተኛውን ቀን ሲጠራም የኀሙስን «ኀ» አጥርቶ ይለያታል። ሊቃውንተ ቋንቋ እንደሚያስረዱት በሪያድ ስም መጨረሻ ያለው የዐረብኛ ድምፅ የ«ፀ» ወገን ነው፤ የግዕዙ ፀሐይና ረፋድን የሚያመለክተው የዐረብኛው ዱሓ ዘመዳሞች ናቸው። የማይሰማ ሆሄ የጠፋ ድምፅ መታሰቢያ ሊሆን እንደሚችል ከጎረቤት አንደበት መገንዘብ ይቻላል።

በሁለተኛ ደረጃ አጻጻፍ የጭንቅላት መለኪያ አይደለም። የማይሰማ ሆሄ በመርሳቱ ብቻ ራሱን ደንቆሮ አድርጎ የሚቆጥር ተማሪ የሌሎችን የታሪክ ሸክም በራሱ ላይ እየጫነ ነው። ይህ ማለት ግን አንጥናው ማለት አይደለም። ፈተናው አይቀርም፤ ጆንሰንም ያን ሁሉ ቃል የሰበሰበው አንድ በአንድ ነው። ስለዚህ እያንዳንዳችን ያስቸገረንን ቃል በደብተር ብንይዝ፣ ከየት እንደ መጣም ብንጠይቅ፣ ሆሄው በቃል ከመሸምደድ ይልቅ በልብ ይቀራል። ወንድማችን ሻንጣውን ከማሰናዳቱ በፊት፣ ገንዘብ አጥቶ ከዩኒቨርሲቲ የወጣውን የዚህን ሰው ሕይወት ደግሞ እንዲያስብበት አደራ እንላለን። ደብተሩን ይዞ ቢመጣ አብረነው ለማጥናት ዝግጁዎች ነን።